ሌክሰስ ኤንኤክስ ለባሕር ዳር፦ ቤንዚን ብቻ፣ ሃይብሪድ ወይስ የሚሰካው?

አባይ ማዶ፦
ሰላም ወገኖች። የ2022 ወይም የ2023 ሞዴል ኤንኤክስ ልገዛ ነው፤ ሦስት ዓይነት ቀርቦልኛል። 350 የሚባለው ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ብቻ፣ 350ኤች ባለ 2.5 ሊትር ሃይብሪድ፣ 450ኤች ፕላስ ደግሞ የሚሰካው ሃይብሪድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ ብቻ ከሚሄዱት በቀር መኪና ማስገባት ስለቀረ ሦስቱም እዚሁ አገር ታርጋ የወጣላቸው ናቸው። ዋጋው ከቱርቦው ወደሚሰካው እየጨመረ ይሄዳል።

ቤቴ የራሱ ግቢ አለው፤ ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ የካርድ ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ እነዳለሁ፣ አልፎ አልፎ ጎንደርና አዲስ አበባ። የሚሰካው ለሚጠየቅበት ጭማሪ ይገባዋል? የቱስ ነው እዚህ ሲበላሽ የሚያስቸግረው?

ብርቱካናማ ገመድ፦
ወንድሜ፣ ከዋጋው በፊት ሰርባቶዮውን አስብ። ሦስቱም 55 ሊትር ነው የሚይዙት። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ ቱርቦው በ100 ኪሎ ሜትር 9.8 ሊትር ገደማ፣ 350ኤች 6 ሊትር፣ 450ኤች ፕላስ ባትሪው አልቆ እንደ ተራ ሃይብሪድ ሲሄድ 6.5 ሊትር ይጠጣሉ። እንግዲህ ቱርቦው በሙሉ ሰርባቶዮ 560 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያ ማለት ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ፣ ምንም ሳይተርፍ። ሃይብሪዱ 900 ያልፋል። መንገድ ላይ ያለው ማደያ «አልቋል» ቢልህ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤንዚኑ ጥራት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ኦክቴኑ (ሳያንኳኳ ግፊት የመቻል አቅሙ) ዝቅ ያለ ነዳጅ ብዙም አያስጨንቀውም። ቱርቦው ግን የጎደለውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ምሕረት አያገኝም፤ ፋብሪካውም ከፍ ያለ ኦክቴን ነው የሚጠይቅለት። ዝቅ ያለውን ስትሰጠው ኮምፒውተሩ ማንኳኳቱን ሰምቶ ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ ያዘገያል። ሞተሩ ወዲያው አይጎዳም፤ ግን የከፈልክበት 275 የፈረስ ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍጆታው ይጨምራል። ሰልፍ ሰልችቶህ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከቀዳህ ደግሞ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ያ ኢንጀክተርና ካታሊቲክ ያቆሽሻል፣ የነዳጁን የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ቅባት ያሳጣዋል።

ስለ ብልሽት፦ ሃይብሪዱ ዲናሞም ሞተሪኖም የለውም። ካምቢዮው «ሲቪቲ» ስለሚባል ሰው ይፈራዋል፣ ነገር ግን ውስጡ የሚንሸራተት ቀበቶ የለም፤ በሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር የሚመራ የጥርስ ስብስብ ነው። የፍሬን ሸራውም ከቱርቦው ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። እውነተኛ ጠላቱ አቧራ ነው። የ350ኤች ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጦ ከመኪናው ውስጥ አየር እየሳበ ይቀዘቅዛል። ማስገቢያው ላይ ያለችው ፊልትሮ በዘጌና በጢስ አባይ ዓይነት መንገድ ቶሎ ትዘጋለች፤ ፋኑ ይጮሃል፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። በየዘይት ቅያሪው አውጥቶ ማራገፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ብዙ ጋራዥ መኖሯንም አያውቅም። የጤፍ ከረጢት ወይም ጋቢ እዚያ ማስገቢያ ላይ አይጣል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚቀይረው ክፍል፣ ከቤንዚን ሞተሩ የተለየ የራሱ የውሃ ዕቃ አለው፤ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ያው ሮዙ የቶዮታ ኩላንት ነው የሚጨመረው። ዘይቱ 0 ደብልዩ 16 ነው፤ እሱ ከጠፋ 0 ደብልዩ 20 ይጠቀሙና በሚቀጥለው ቅያሪ ይመልሱታል። «ለሞቃት አገር ወፍራም ይሻላል» ብሎ 20 ደብልዩ 50 የሚሞላ መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀበል።

ወረታ መገንጠያ፦
ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ የሃይብሪድ ባትሪ ግን ቢሞትስ? ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰው ይከፍተዋል? ቱርቦውን ቢያንስ ማንም ሰርቪስ ያደርገዋል። ነዳጅ ይበላል ብሎ መሸሽ ልክ አይመስለኝም፤ የዋጋው ልዩነት የስንት ዓመት ቤንዚን ይገዛል። ደግሞ 250 የሚባለው ቱርቦም ሃይብሪድም ያልሆነ 2.5 ሊትር አለ፤ ቀላል መኪና የሚፈልግ እሱን ቢፈልግ ይሻላል።

ብርቱካናማ ገመድ፦
በ250 እስማማለሁ፣ ከተገኘ። 350ን ግን «ማንም ይሠራዋል» ማለት ይከብዳል፤ ቱርቦ፣ ሁለት ዓይነት የነዳጅ መርጫ፣ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ያለው መኪና ነው። ያለ ስካነር ምኑም አይነካም።

ባትሪውን በተመለከተ ከመግዛት በፊት መመርመር ይቻላል። የሃይብሪድ ክፍሉን የሚያነብ ስካነር ይዘህ መኪናውን ዳገት ላይ ንዳው፣ ከዚያ ቁልቁለት አውርደው። ባትሪው የተከፋፈለባቸው ብሎኮች ቮልት አብረው መውረድና አብረው መውጣት አለባቸው። አንዱ ብቻውን ቀድሞ ከወረደ ያ ብሎክ ደክሟል። ፒ0ኤ80 የሚል ኮድ ከወጣ ባትሪው ይቀየር ማለት ነው፤ ሻጩ ከመምጣትህ በፊት አጥፍቶት ሊሆን ስለሚችል ኮዱ ከመቼ ወዲህ እንደጠፋ የሚያሳየውንም ገጽ አንብብ። በሻንሲ ቁጥሩ የውጭ አገር ታሪኩን አጣራ፤ ጎርፍ የገባበት ሃይብሪድ በነፃም አይወሰድ።

ለሚነካው መካኒክ፦ መኪናው ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ይጥፋ፣ ቁልፉ ይራቅ፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ ይፈታ፣ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠው የሰርቪስ መሰኪያ ይነቀል፣ 10 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ነው ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ብርቱካናማው ገመድ የሚነካው፣ ያውም ለከፍተኛ ቮልት በተሠራ ጓንት።

ፌዝና ኒውትራል፦
ስለ መሰካቱ እኔ ልበል። የ450ኤች ፕላስ ባትሪ 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ መኪናው ግን እስከ ጥግ እንዲያልቅ ስለማይፈቅድ ከግድግዳ የምትሞላው 15 ገደማ ነው። በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ትስባለህ፤ ማታ 5 ሰዓት ሰክተህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሞላል። በምሽት ቮልቱ 180 ከወረደ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምራል። በሙሉ ባትሪ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ አንተ በሁለት ቀን አንዴ ትሰካለህ። በወር ወደ ሁለት መቶ ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪህ ላይ ይጨመራል፤ ታሪፉ በእርከን የሚያድግ ስለሆነ ሒሳቡን አሁን ባለህበት እርከን ሳይሆን በምትገባበት ሥራው። በምላሹ 350ኤች ከሚጠጣው ከ45 እስከ 54 ሊትር ቤንዚን ይቀርልሃል። ለእኔ ከብሩ ይልቅ ሰልፉ መቅረቱ ይበልጣል።

ምጣድ የሚችል መስመር መኪናውንም ይችላል የሚሉ አሉ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ ግን ጋግረህ ታጠፋዋለህ፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ነው። የላላ ሶኬት የሚቀልጠው እዚያ ላይ ነው። ከዋናው ሳጥን ለብቻው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ አስጎትት፣ 16 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር የመሬት ፍሳሽ መቁረጫ አስገባ፣ ኤክስቴንሽን አትጠቀም። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅህ ንካ፤ ለብ ካለ ደህና፣ ካቃጠለ ንቀል። ምጣድና መኪና አንድ ላይ አይበሩ።

ትልቁ ችግር ግን ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) ነው። ብዙ ቤት ሦስተኛው ሽቦ ወይ የለም ወይ የትም አልተያያዘም፤ ቻርጀሩ ያን ሲያይ ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ «እኔ አስተካክለዋለሁ» የሚል ሰው ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ያስረዋል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ መኪናው ይሞላል። አንድ ቀን ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል ሲበጠስ ግን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። እርጥብ ግቢ ውስጥ በሩን የሚነካ ሰው ይሞታል። ትክክለኛው መንገድ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ መቅበር ነው። ሐይቁ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር እርጥበት ስለሚይዝ ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ቅርብ በሆነበት ሰፈር ግን ዘንጉ አይገባም፣ ሁለት ሦስት አጠር ያሉ አራርቀህ ታያይዛለህ። ሲያልቅ በኧርዝ መለኪያ ይለካ፤ ተራ ቴስተር ቮልት ስላሳየ ብቻ አይታመንም።

አባይ ማዶ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ የቀረኝ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ሃይብሪድ ሲወርድ ሞተሩ በድንገት ይጮሃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ብልሽት ነው?

ብርቱካናማ ገመድ፦
አይደለም። 2,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 5.7 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይለቃል፤ በጎማና በነፋስ ከሚባክነው ተርፎ ግማሽ ያህሉ ባትሪ ሊገባ ይችላል። የ350ኤች ባትሪ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ገና ሳትርቅ ይሞላል። ከዚያ መኪናው ሞተሩን ያለ ነዳጅ እያሽከረከረ ፍጥነቱን ይይዛል፤ ጩኸቱ ያ ነው። ማርሹን ወደ ኤስ አድርገህ ራስህ አስቀድመህ ያዘው። ጩኸቱን ለማጥፋት ብሎ ወደ ኤን (ባዶ ማርሽ) የሚያስገባ ሰው ባትሪውንም የሞተሩንም መያዝ ያጣል፤ ሁሉም ነገር ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፣ ህዳሴ ድልድይ ሳይደርስ ይሸታል።

የሚሰካው እዚህ ላይ ይሻላል፣ ግን ባትሪውን ሞልተህ አፋፉ ላይ ከደረስክ ቦታ የለውም፤ እንደ ሌላው ይጮሃል። ከባሕር ዳር ስትነሳ ጥቂት በኤሌክትሪክ ሂድና ግማሽ ሲሆን ወደ ሃይብሪድ ቀይረህ አቆየው። ቁልቁለቱ ይሞላዋል፣ ዳገቱን ያግዝሃል፤ የተረፈውን ለአዲስ አበባ መጨናነቅ።

ፌዝና ኒውትራል፦
ወደሚሰካው ካዘነበልክ ገመዱን ሳታይ ቀብድ አትስጥ። ከአሜሪካ የመጣው መሰኪያ ባለ አምስት ቀዳዳ፣ ከአውሮፓ የመጣው ባለ ሰባት ነው፤ ገመዱ ከመኪናው ጋር ካልመጣ ለብቻው ይፈለጋል። ገመዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፤ 120 ቮልት ብቻ ካለ 220 ላይ አትሰካው። ፈጣን ቻርጅ የሚቀበል መኪናም አይደለም፣ ስለዚህ «መንገድ ላይ በግማሽ ሰዓት ትሞላዋለህ» የሚል ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ እያታለለህ ነው። እሱ ፊት ሰክተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ በ10 አምፔር ከሆነ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ መግባት አለበት።