ለ13 ዓመቷ ልጄ የኦቲዝምና የኤዲኤችዲ ምዘና ከማስጀመሬ በፊት ባለሙያውን ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። በትምህርቷ ጎበዝ ብትሆንም ሠርታ የጨረሰችውን የቤት ሥራ ማስረከብ ትረሳለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ማንንም ሳታነጋግር ክፍሏ ትገባና መብራት አጥፍታ ትተኛለች። አስተማሪዎቿ «ጨዋና ዝምተኛ ናት፤ ምንም ችግር የለባትም» ይሉኛል። እኔ ቤት የማየውና እነሱ የሚነግሩኝ ግን አልገናኝ ብሎኛል። ኦቲዝም (በማኅበራዊ ግንኙነትና በባሕርይ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት) ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረትን ለመሰብሰብ ወይም ራስን ለመግታት መቸገር) ይኖርባት ይሆን ብዬ ሳጠያይቅ አንዳንድ ባለሙያዎች «የአእምሮ አሠራር ልዩነትን የሚያከብር ምዘና» እንደሚሰጡ ሰማሁ። ሐሳቡን ብወደውም፣ የመጣውን ሁሉ «አዎ፣ አለባት» ብሎ የሚሸኝ ልል አሠራር እንዳይሆን ሰጋሁ። በምን ልለየው? ለእሷስ አስቀድሜ ልንገራት ወይስ ውጤቱ እስኪታወቅ ልጠብቅ?

መልስ 1፦ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ልጅን የሚያከብር ምዘና መስፈርቱን አይለውጥም። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 5ኛ እትም መሠረት፣ ኤዲኤችዲ ለማለት የተወሰኑ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየትና እንደ ቤትና ትምህርት ቤት ባሉ ቢያንስ በሁለት ቦታዎች መገኘት አለባቸው፤ ለኦቲዝም ደግሞ የማኅበራዊ ግንኙነት ልዩነት ብቻውን አይበቃም፣ ተደጋጋሚ ባሕርያት ወይም ለድምፅ፣ ለብርሃንና ለመሳሰሉት የተለየ ስሜት መኖሩም ይታያል። ሁለቱንም በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ምስል ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው መረጃው በተሰበሰበበትና በተነበበበት መንገድ ነው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ስታወራ ዓይን ለዓይን አትተያይም እንበል። አንዱ መዛኝ «የመግባባት ጉድለት» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ሌላው «ሰው ስታዪ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃታል፤ «ፊቱን ካየሁ የሚለውን መስማት ያቅተኛል» ብትለው ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ያሰፍራታል። አስተማሪዋ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚረዳው ከሁለተኛው ነው።

«ዝምተኛ ናት» የተባለውም በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ብዙ ልጆች፣ በተለይም ሴቶች፣ የጓደኞቻቸውን አነጋገርና አሳሳቅ አጥንተው እየኮረጁ ቀኑን ይወጡታል፤ ድካሙ የሚታየው ቤት ሲገቡ ነው። አዶስ የሚባለው በጨዋታና በጭውውት የሚደረግ የኦቲዝም ምልከታ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ለዚያ ያህል ጊዜ ራሷን ሸፍና ልትወጣው ትችላለች። ያም ሆኖ የእርስዎ ልጅ ነገር ከእንቅልፍ፣ ከጭንቀት ወይም ከመስማት ችግር የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥሩ መዛኝ እነዚህንም ያጣራል።

እኔ ብሆን ይህን እጠይቃለሁ፦ «ሁለቱም አይደሉም ብለው የደመደሙበት ጊዜ አለ? ያን ጊዜስ ለቤተሰቡ ምን ይሰጣሉ?» መልስ የሌለው ሰው ጋር አልሄድም። ሁለቱን አብሮ የሚያይ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የመመሪያው የቀድሞ እትም እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለቱን ለአንድ ልጅ በአንድነት መስጠትን ይከለክል ስለነበር፣ በለመዱት መንገድ አንዱን ብቻ ፈልገው የሚያቆሙ አሉ።

መልስ 2፦ በ15 ዓመቱ የተመዘነ ወጣት

እባክዎ አስቀድመው ይንገሯት። ለእኔ የተነገረኝ «ለትምህርትህ የሚረዳ ፈተና ነው» ተብሎ ነበር። ፈተና ከሆነማ ላልፈው ተነሣሁ፤ ጓደኛ አለህ ወይ ሲሉኝ የክፍሌን ልጆች ስም ደረደርኩ፣ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ። መዛኟ ቆየት ብላ ነገሩን በግልጽ ባታስረዳኝ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሰውን የሚገልጽ ይሆን ነበር። ልጅ ለምን እንደመጣ ካላወቀ የሚመዘነው ትወናው ነው።

መልስ 3፦ የሁለት ልጆች አባት

ከላይ የተባለውን ባልቃወምም አንድ ነገር ይጨመርበት። የልጄ ሪፖርት በጥንካሬዎቹ የተሞላ፣ አንብበን የተደሰትንበት ጽሑፍ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን «ድጋፍ የሚያስፈልገው መሆኑ የት ተጽፏል?» ብሎ መለሰልን፤ እውነትም አልተጻፈም። ሦስት ትእዛዝ በቃል ሲነገረው የመጀመሪያውን ብቻ እንደሚፈጽም፣ በጽሑፍ ሲሰጠው ግን ሁሉንም እንደሚጨርስ የሚገልጽ ተጨማሪ ገጽ አጽፈን ነው ድጋፉን ያገኘነው። ችግርን በለዘበ ቃል መሸፈን ልጅን ማክበር አይመስለኝም።

መልስ 4፦ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ

በዚህ እስማማለሁ። ለትምህርት ቤትና ለሐኪም የሚሆነው ሪፖርት ችግሩን ከነመጠኑ ሊናገር ይገባል። ለልጅቷ ደግሞ በስሟ የተጻፈ፣ በዕድሜዋ ልትረዳው የምትችል አጭር ደብዳቤ ለብቻው ይጠይቁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ነገርኳት፤ የጠየቀችኝ ድምፅ የሚቀንሰውን የጆሮ ማዳመጫዋን ማድረግ ትችል እንደሆነ ብቻ ነው። ይፈቀዳል?

መልስ 5፦ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ

ከቀጠሮው በፊት ለመዛኙ ይንገሩት። በቃል ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ክፍሎች ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንድታወልቀው ሊጠይቃት ይችላል፤ በቀረው ጊዜ ማድረጓ ምዘናውን አያበላሸውም። መቼ እንዳደረገችውና መቼ እንዳወለቀችው፣ በሁለቱም ጊዜ እንዴት እንደሠራች በሪፖርቱ ላይ እንዲያሰፍረው ይጠይቁት።