ሮም ውስጥ ለአባቴ የሚስማማ የግል አስጎብኚ እንዴት ልምረጥ?

በመጪው ጥቅምት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አባቴን ይዤ ወደ ሮም ስለምሄድ፣ ለእኛ ብቻ የሚዘጋጅ ጉብኝት መምረጥ ቸግሮኛልና ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቀረቡልኝ ፕሮግራሞች ሁሉ ኮሎሲየምንና የቫቲካን ሙዚየሞችን በአንድ ቀን በእግር የሚያዞሩ ናቸው፤ ይህ ለእሳቸው ፈጽሞ የሚሆን አይደለም። የአባቴ ትልቁ ምኞት እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ለአሥርት ዓመታት ቆሞበት የነበረውን፣ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ያለውን አደባባይ በዓይናቸው ማየትና፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ጥንት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩበት የነበረውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ የመግቢያውን ፈቃድ አስጎብኚው ያስጨርስልናል ወይስ እኛው አስቀድመን እንጠይቅ? መኪና ያለው ሰው ይዞ ጉብኝቱን ለሁለት ግማሽ ቀን መክፈልስ ያዋጣል? የአስጎብኚነት ፈቃዱንስ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት በምን ላረጋግጥ?