የፓይተንን ዲፎልት ቨርዥን መቀየር፦ ይቀየር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ኡቡንቱ 22.04 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይዞት የሚመጣው የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቨርዥን 3.10 ነው። 3.12ን የጫነ ሰው የሲስተሙን ዲፎልት (ሳይመረጥ በራሱ የሚሠራውን ቨርዥን) ወደ 3.12 ቢቀይረው ምን አለበት? እንከራከርበት።

የላብ ረዳት፦ እኔ ይቀየር ባይ ነኝ። ላቡ ውስጥ 30 ኮምፒውተር አለ። ተማሪው ገና «ፕሪንት» መጻፍ ሲጀምር ስለ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (የራሱ ፓይተንና ላይብረሪዎች ስላሉት የተለየ ፎልደር) ላስረዳ ብል የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያልቃል። አንድ ቨርዥን ይኑር፣ ሁሉም እሱን ይጠቀም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ይህን አድርጌ ዋጋ ከፍያለሁ። አፕዴት ኦልተርኔቲቭስ በሚባለው ትዕዛዝ ወደ 3.12 አዞርኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ስከፍት ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) እምቢ አለ። ብነካው ብነካው ምንም የለም። ፕሮጀክት የማስረክበው ደግሞ በማግስቱ ነበር። በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 ወደ ጥቁሩ ስክሪን ገብቼ ወደ 3.10 ስመልሰው ነው የተነሳልኝ። ሌሊቱ እዚያው አለቀ።

ሰርቨር ላይ የምሠራ፦ እህቴ፣ ይሄ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። በኡቡንቱ 22.04 ተርሚናሉን የሚያስነሳው ፋይል ራሱ በፓይተን የተጻፈ ነው። አዲስ የሶፍትዌር ምንጭ የሚጨምረው ትዕዛዝም እንደዚያው። የሚጠቀሟቸው አንዳንድ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ደግሞ ለ3.10 ብቻ ኮምፓይል የተደረጉ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየሩ ናቸው። 3.12 ሲፈልጋቸው አያገኛቸውም።

የድሮ ፕሮግራመር፦ ፍርሃቱንም አናጋንነው። «ፓይተን» የሚለውን ቁጥር የሌለው ባዶ ትዕዛዝ ወደ ፓይተን 3 ማዞር ሌላ ጉዳይ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። አርች ሊኑክስ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምማ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ያዞረው። ኡቡንቱም ከ20.04 ጀምሮ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጀ ፓኬጅ አለው።

የላብ ረዳት፦ እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። 3.12 ግን ያስፈልገኛል። የተለያዩ የፓይተን ቨርዥኖችን የሚጭነውን ፓይኢንቭን ግን እንዳትሉኝ። ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል እስኪያደርግ 30 ማሽን ላይ ስንት ሰዓት ልቀመጥ?

ሰርቨር ላይ የምሠራ፦ አያስፈልግም ጋሼ። «ዲፎልት» ስንል ሁለት ነገር እየቀላቀልን ነው። አንዱ ሲስተሙ የሚጠራው ነው። አድራሻው በስክሪፕቶቹ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሙሉውን ተጽፏል። እሱን አይንኩት፣ እለምንዎታለሁ። ሌላው እኛ ተርሚናል ላይ ስንጽፍ በፓዝ (ኮምፒውተሩ ትዕዛዝ በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ተራ ቀድሞ የሚገኘው ነው። እሱን እንደፈለጉ ይቀይሩ። በ3.12 አንድ የጋራ ኢንቫይሮመንት ሠርተው ፎልደሩን የተማሪዎቹ ፓዝ መጀመሪያ ላይ ያስገቡ። ተማሪው «ፓይተን» ሲል 3.12 ይከፈትለታል። ተርሚናሉ የራሱን 3.10 ይዞ ይቀጥላል።

የላብ ረዳት፦ ነገ አንድ ማሽን ላይ እሞክረዋለሁ። ሁሉም ላይብረሪ ልጫንበት ካለስ?

ሰርቨር ላይ የምሠራ፦ የመጻፍ ፈቃድ አይስጧቸው። ፕሮጀክት የጀመረ የራሱን ኢንቫይሮመንት ይፍጠር።

የላብ ረዳት፦ ያው ማስረዳቱ አልቀረልኝማ! እሱ ላይ አሁንም አልተስማማሁም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ያስረዱን። ለእኔ ያኔ ቢነገረኝ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።