እናቴን ለምንከባከብበት ስቴቱ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው? (ሲያትል፣ ዋሽንግተን ስቴት)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ እጇ አይሠራም፣ ብቻዋን ገላዋን መታጠብም አትችልም። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ) አላት፣ ዜግነትም አግኝታለች። ነርስ ለጥቂት ሳምንት እየመጣች ነበር፣ አሁን ቆመ። ስደውል "ከእንግዲህ አይሸፈንም" አሉኝ። እኔ ሥራ ቀንሼ ቤት ነው የምውለው። ስቴቱ ለልጅ ይከፍላል ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው ወሬ? አንዳንዱ አዳልት ፋሚሊ ሆም (ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሚጦሩበት መኖሪያ ቤት) አስገቢያት ይለኛል፣ እኔ ግን "እናቷን ጣለቻት" መባሉን አልችለውም።

ኬርጊቨር፦
እውነት ነው እህቴ። ሜዲኬር ነርስና ፊዚዮቴራፒ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ብቻ ሲቀር እጁን ይሰበስባል። ለዚህ የሚከፍለው ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ነው፣ ገቢና ንብረቷ ታይቶ። ዲኤስኤችኤስ (የስቴቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ደውለሽ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ማመልከት እፈልጋለሁ በይ። ሰው መጥቶ ይገመግማታል፣ በወር የሚፈቀደው ሰዓት የሚወጣው ከዚያ ነው።
አደራ የምልሽ ግን እዚህ ላይ ነው። እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ነጠላቸውን አጣፍተው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ሁሉን ራሴ እሠራለሁ" ይላሉ፣ ገምጋሚዋም ያንኑ ትጽፋለች፣ ሰዓቱ ያንሳል። ቀድመሽ አስረጃት። አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። ሽንት ቤት ማን እንደሚወስዳት በልጅ ፊት መናገር ያሳፍራታል፣ አንቺ ብትተረጉሚ ትደብቅሻለች።
ልጅ ይከፈለዋል፣ ባልና ሚስት ግን በአብዛኛው አይከፈላቸውም። አሻራና ሥልጠና አለው። ከተፈቀደው ሰዓት በላይ የምትለፊው በነፃ ነው፣ እወቂው።

ባለ ፋሚሊ ሆም፦
"ጣለቻት" የሚለውን ተዪው ባክሽ። እዚህ ስቴት ፋሚሊ ሆም የከፈተው ሐበሻ ብዙ ነው፣ ቡናውም ሽሮውም አለ። መደበኛው እስከ 6 ሰው ነው፣ በተጨማሪ ፈቃድ 8 ይደርሳል። ፈቃድ ለማውጣት 1,000 ሰዓት የእንክብካቤ ልምድ ይጠየቃል፣ ለፍተሻም ሳይነግሩን ነው የሚመጡት። የፍተሻው ውጤት ዲኤስኤችኤስ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ከመጎብኘትሽ በፊት አንብቢው።
ሜዲኬይድ ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። አንዳንዱ መጀመሪያ ከኪስ አስከፍሎ ገንዘቡ ሲያልቅ ውጪ ይላል። ሜዲኬይድ እንክብካቤውን ይከፍላል፣ የክፍልና የምግቡ ግን ከራሷ ገቢ ነው የሚሄደው።

ሌላ ሰው፦
ቤቱ በማን ስም ነው? ሜዲኬይድ ከ55 ዓመት ዕድሜዋ በኋላ ለእንክብካቤ የከፈለላትን፣ ስታርፍ ከንብረቷ ሊጠይቅ ይችላል።

ጠያቂዋ፦
በኔ ስም ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሰኞ እደውላለሁ። ከደሞዜ የሚቆረጠው 0.58 ፐርሰንቱስ ለሷ አይሆንም?

ኬርጊቨር፦
አይሆንም፣ እሱ ዋ ኬርስ (የስቴቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን) ነው፣ ለራስሽ። ክፍያው ከጁላይ 2026 ነው የሚጀምረው፣ በዕድሜ ልክ እስከ 36,500 ዶላር፣ እሱም በቂ ዓመት ከከፈልሽ።