ጥቆማ፦ ሰርቪስ ቤት ያበላሸው መኪና አዳማ ውስጥ ለማን ይሰጣል?

ጥያቄ፦
አዳማ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ጥቆማችሁን እፈልጋለሁ። መኪናው ቶዮታ ያሪስ ነው፣ ሞተሩ 1 ኤንዜድ። ዘይት ተቀይሮ፣ የፊትና የኋላ ጎማ ቦታ ተለዋውጦ ከሰርቪስ ከወጣ በኋላ ሦስት ነገር ታየ። ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ቡሎን ዘይት ይንጠባጠባል፤ ቡሎኑን ሲያጠብቁት አይይዝም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ፈጣን መንገዱ ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፍሬን ዘይትም "ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ጨምረናል" ብለዋል፣ ከየትኛው ዕቃ እንደጨመሩ ግን አልታወቀም። ሰርቪስ ያደረገው ቤት አሁን "አምጣው፣ በሲሊኮን እንዘጋዋለን" ይላል። ለእነሱ ይመለስ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ይሂድ ወይስ አዲስ አበባ ይወሰድ?

መልስ፣ ከሞተርና ፍሬን መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ከሦስቱ መጀመሪያ መታየት ያለበት የፍሬን ዘይቱ ነው። የኮፓው ጠብታ ቢከፋ ሞተር ያቃጥላል፤ ፍሬኑ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በንጹሕ ሲሪንጅ ከማጠራቀሚያው 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዳና ውኃ ባለበት ብርጭቆ ጨምረህ አማስለው። ትክክለኛው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ይሁን ዶት 4፣ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል። የመሪ፣ የካምቢዮ ወይም የሞተር ዘይት ከተቀላቀለበት ግን ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይታያል። ሌላው ምልክት የማጠራቀሚያው ክዳን ላስቲክ ነው፤ አብጦ ቦታው አልገባም ካለ የማይገባው ዘይት ነክቶታል።

ከተንሳፈፈ መኪናው ከቆመበት አይነሳ። "አፍስሰን አጥበን እንሞላዋለን" የሚልህን ሰው አትስማ። የፍሬን ላስቲክ የተሠራው የነዳጅ ዘር ያለው ዘይት ሲነካው በሚያብጥ ጎማ ነው። በማስተሩ (ፔዳሉ በሚገፋው ዋና የፍሬን ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ላስቲክ ሲያብጥ ዘይቱ የሚመለስባትን ጠባብ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ከዚያ ፔዳሉን ብትለቅም ፍሬኑ አይለቅም፣ ሸራው እየነደደ ይሄዳል። ስለዚህ የማስተሩ ላስቲክ፣ የፊት ካሊፐሮቹ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ)፣ የኋላ ሲሊንደሮቹ ላስቲክና የጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ። የብረት ቱቦዎቹ ብቻ ታጥበው ይቀራሉ።

ከተዋሃደ ደግሞ እፎይ በል፣ ግን አንዴ ይታጠብ። ለዚህ መኪና 1 ሊትር ይበቃል። ስትገዛ ማሸጊያው ያልተከፈተ ዕቃ ጠይቅ፤ ከመደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የቆየ ግማሽ ጠርሙስ የአየሩን እርጥበት ጠጥቷልና አትቀበል። የዕቃው ስም ይህን ያህል ለውጥ የለውም፤ መታሸጉና ዶት 3 መባሉ ይበልጣል።

መልስ፣ ከቶርኖ ቤት፦
ስለ ኮፓው እኔ ልበል። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች ቶርኖና ብየዳ ላይ እጅ አላት። ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ማግኔት ይዘህ ኮፓው ሥር አስጠጋ። ከያዘ ላሜራ ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። የ1 ኤንዜድ ኮፓ ከሁለት የተሠራ ነው፤ የላይኛው አሉሚኒየም ሲሆን ቡሎኑ ያለበት የታችኛው ላሜራ ነው፣ ቡሎኑም የሚገባው ከውስጥ በተበየደ ዳዶ ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ሥራውን ከጅምሩ ያበላሸዋል።

የፋብሪካው ቡሎን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1.25 ፒች (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) ነው፤ በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። መጥበቅ ያለበት በ37 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መፍቻ ጫፍ ላይ ከ18 እስከ 19 ኪሎ የሚሆን ጉተታ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን የሚልጠው ለዚህ ነው። አንዳንዴም ተሳስተው 1.5 ፒች ያለው ቡሎን በግድ ያስገባሉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይጠብቅና የያዘ ይመስላል፣ ጥርሱን ግን በልቶት ነው የገባው። ስለዚህ ቡሎኑን ስታወጣ ጥርሱን በፒች መለኪያ አስለካ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

የሚቀርቡልህ መፍትሔዎች እነዚህ ናቸው፣ ከመጥፎው ልጀምር።

ሲሊኮንና ቴፍሎን፦ አይሆንም። ጥርስ የሌለውን ቡሎን ሲሊኮን አይዘውም፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ፈጣን መንገዱ ላይ ቡሎኑ ከወደቀ ዘይቱ በሙሉ ይወርዳል፣ የዘይት መብራቱ ሲበራ ሞተሩ ያለ ዘይት መዞር ጀምሯል ማለት ነው።

ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባ ወፍራም ቡሎን፦ ገበያ ላይ አለ፣ በደቂቃ ይገባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አጋድሎ ስለሚገባ ሮንዴላው በአንድ ጎን ብቻ ይቀመጣል። ፍቅፋቂውም ኮፓ ውስጥ ይወድቃል። ለጊዜው ካልሆነ አልመክርም።

ወደ 14 በ1.5 ማሳደግ፦ በ12.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተበስቶ አዲስ ጥርስ ይወጣል፣ ቶርኖው አዲስ ቡሎን ያዘጋጃል። ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነና ዙሪያው ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው። ላሜራው ላይ የተበየደው ዳዶ ግን ሲሰፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ በሚቀጥለው ዘይት ቅየራ ይሰነጠቃል። ለአንተ መኪና ይህን አልመርጥም።

ሄሊኮይል፦ የሞላ ቅርጽ ያለው የብረት ጥርስ ነው። ለአሉሚኒየም ከሁሉ የተሻለ ነው፣ የፋብሪካውን መጠን መልሶ ይሰጥሃልና። ያ ዕቃ የሌለው ቶርኖ ቤት በእሱ ፋንታ ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለው የብረት ቡሺንግ (ቱቦ መሰል ቀለበት) ቀርጾ ይሠራልሃል። እሱም ይይዛል።

አዲስ ዳዶ መበየድ፦ ለላሜራ ኮፓ የምመክረው ይህን ነው። ኮፓው ይወርዳል፣ የተበላሸው ዳዶ ይነሳል፣ ቶርኖው ከመደበኛ ብረት አዲስ ይቀርጻል፣ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ይበየዳል። ሳይወርድ እመኪናው ላይ እንዳለ ልበይድ የሚልህን አትፍቀድለት፤ ዘይት ያለበት ቦታ ነው፣ እሳት ይነሳል፣ ብየዳውም ንጹሕ አይሆንም። ሥራው ሲያልቅ ፈተናው እንዲህ ነው፦ በውጭ በኩል ብየዳው ዙሪያ ጠመኔ ይቀባል፣ በውስጥ ላምባ ይፈሰሳል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ጠመኔው ከረጠበ እንደገና ይሠራል። ይህን ፈተና አሳየኝ ስትለው የሚቆጣ ቤት ካጋጠመህ ኮፓውን ይዘህ ውጣ።

መልስ፣ ከሞተርና ፍሬን መካኒክ፦
ኮፓው ከወረደ መመለሻው ላይ ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያጠፋል። ጓርኒሲዮን (በመሃል የሚገባ ማሸጊያ) የለውም፣ በሲሊኮን ነው የሚገጠመው። አሮጌው ሲሊኮን ከሁለቱም ፊት ተፍቆ በቤንዚን ይጠረግ። አዲሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አንድ ያልተቋረጠ መስመር፣ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ይቀባ። "እንዲጠነክር" ብሎ ማብዛት ጉዳት ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ተቆርሶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ከተገጠመ በኋላ ዘይት ሳይሞላ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ፤ ማታ ተገጥሞ ጠዋት ቢሞላ ይበልጣል።

ሲሞላ ደግሞ ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ነው የሚይዘው፣ 4 ሊትሩን በሙሉ መገልበጥ አይደለም። 3.5 ጨምር፣ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሳ፣ አጥፋ፣ 5 ደቂቃ ቆይተህ መለኪያ ዘንጉን እያየህ ሙላ። ከልኩ በጣም ካለፈ የሚሽከረከሩት የሞተሩ ዘንጎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም።

አዳማ ሞቃት ነው ተብሎ 20 ደብሊው 50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት የሚሞላ አለ። ይህ ሞተር ቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፣ ዘይቱም በቀጭን ወንፊት ነው የሚያልፈው። 5 ደብሊው 30 ወይም 10 ደብሊው 30፣ ኤፒአይ ኤስኤን የሚል የጥራት ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። ከማደያ የምትገዛውም ሆነ ከመለዋወጫ መደብር፣ የክዳኑን ማሸጊያ አንተ ራስህ ክፈት፤ ከበርሜል የሚቀዳውን ተው።

ፊልትሮውንም አስፈትተህ እይ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ለጊዜው ይይዛል፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። አዲሱ ጎሚኒው ዘይት ተቀብቶ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ ይጠብቃል። ቸኩሎ ኮፓ ያበላሸ እጅ ፊልትሮ ላይም አይታመንም።

ጥያቄ፦
ጋሼ፣ አዲስ ኮፓ መግዛቱስ አይሻልም?

መልስ፣ ከመለዋወጫ ሻጭ፦
ሁለቱም መንገድ አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ኮፓ ይገኛል። ስትገዛ ቡሎኑን ይዘህ ሂድና በእጅህ አስገባው፤ ያለ መፍቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ ተወው። የሚገጠመውን ፊት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠህ ክፍተት እንዳለው እይ። ክሪክ የመታው ኮፓ ታጥቦ ቀለም ሲቀባ አያስታውቅም፣ መስታወቱ ግን ያጋልጠዋል። አዲሱ ኮፒ ዕቃ ላሜራው ስስ ነው፣ ዳዶውም ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ የተነካካ ብየዳ አለው። ጥሩ ቶርኖ ካለህ የራስህን ኦሪጅናል ማስጠገን ከኮፒው ይበልጣል። የሚገዛው ሮንዴላው ነው፣ እሱ በየዘይት ቅየራው አዲስ መሆን አለበት።

መልስ፣ ከጎሚስታ፦
የመሪው መንቀጥቀጥ ከጎማ አስተሳሰር የመጣ ይመስላል። ያሪስ የጎማ ዳዶው 103 ኒውተን ሜትር ነው። የአየር መፍቻ ሳይለካ ከተለቀቀበት ከዚያ በብዙ ያልፋል፤ ቡሎኑን ይስባል፣ ዲስኩን ያጣምማል። ነገር ግን ዲስክ ከመቀየርህ በፊት ዳዶዎቹን በሙሉ አስፈታ፣ ቸርኬውና ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት ብረት) የሚነካኩበትን ቦታ በብረት ብሩሽ አስጠርግ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አስጠብቅ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይተዋል። ካልተወ ዲስኩ ሰዓት በሚመስለው የመርፌ መለኪያ ይለካ፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ ይላጣል፣ የሚላጠው ግን ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ትንሹ ውፍረት በታች የማይወርድ ከሆነ ነው።

ዳዶው በእጅ ሲገባ እየከበደ ከሄደ ቡሎኑ ተስቧል፣ ይቀየር። በመዶሻ ሳይሆን በፕሬስ ይውጣ፣ መዶሻው ኩሽኔታውን ይጎዳል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ካለህ ደግሞ ዳዶዎቹ የራሱ መሆናቸውን እይ፤ ሾጣጣውና ጠፍጣፋው ተቀላቅሎ ከታሰረ በራሱ ይላላል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠብቅ። አዳማ ውስጥ ጎሚስታ ስትመርጥ ጥያቄህ አንድ ይሁን፦ ቶርክ መፍቻ አለህ? ከሌለው ሌላ ፈልግ።

መልስ፣ ከሕግ ባለሙያ፦
ለበደለው ቤት ይመለስ ወይ ለሚለው፦ እንዲያየው ይጠራ እንጂ ብቻውን አይነካካው። ሳይፈታ ፎቶና ቪዲዮ ይነሳ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጭምር። ቡሎኑ፣ ሮንዴላውና ከፍሬን ማጠራቀሚያው የተቀዳው ናሙና በንጹሕ ዕቃ ይቀመጡ። ሌላ ጋራዥ መኪናውን ሲያይ ያገኘውንና መንስኤውን በጽሑፍ፣ በማኅተም ይስጥህ፤ "ቡሎኑ 1.5 ፒች ነው፣ የኮፓው ጥርስ 1.25 ነው" የሚል አንድ መስመር ከብዙ ክርክር ይበልጣል።

ከዚያ ለሰርቪስ ቤቱ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይድረሰው፣ የምትጠይቀው ወጪና የምትሰጠው ቀን ተጠቅሶ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመጠየቅ ማስጠንቀቂያ መቅደም አለበት፣ ስለዚህ ይህን ደረጃ አትዝለለው። ቁጥር 1802 ደግሞ ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ዘይት እየፈሰሰ እየነዳህ ሞተሩ ከተቃጠለ የሞተሩን ዋጋ ላትካስ ትችላለህ። በአዋጅ 813/2006 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት አለው፣ አቤቱታው ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ለሁሉም የካሽ ሬጅስተር ደረሰኙ ያስፈልጋል።

በሽማግሌ ከጨረሳችሁም ይጻፍ፦ ምን እንደሚከፈል፣ ማን እንደሚሠራው፣ ሥራው ለስንት ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዳለው። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብለህ አትዘናጋ፤ የሜካኒክ ብልሽት በአብዛኛው ከሽፋኑ ውጭ ነው፣ ውልህን አንብብ።

ጥያቄ፦
መኪናው አሁን እዚሁ አዳማ ቦሌ ሰፈር ቆሟል። ቶርኖ ቤት ድረስ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል?

መልስ፣ ከሞተርና ፍሬን መካኒክ፦
የብርጭቆውን ምርመራ ካለፈ፣ ቡሎኑም በእጅ ሲጎተት ካልወጣ፣ ዘይቱም በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል ከሆነ ከተማ ውስጥ በዝግታ ይቻላል፤ ሥሩ ዕቃ አስቀምጠህ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ቁጠር፣ መስመር ሠርቶ ከፈሰሰ ይጎተት። ሲጎተት የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ተሠርቶ ሲወጣም በቀጥታ ፈጣን መንገዱ ላይ አታውጣው። በወንጂ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳ፣ ቁም፣ ደረቅ ካርቶን ሥሩ ዘርጋ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ትችላለህ።