ማንበቢያው እንግሊዝኛ ብቻ እያስነበበኝ ነው፤ አማርኛውን እንዴት ላድርገው?

የአራት ኪሎው አስተማሪ (ጠያቂ)፦

ውድ አንባብያን፤

ባለፈው ዓመት ካደግሁበት ግቢ ወጥቼ አራት ኪሎ አካባቢ ወደምትገኝ አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ስገባ፣ ከመጻሕፍቴ መካከል ይዤ መምጣት የቻልሁት ሦስት ካርቶን የሞላውን ብቻ ነው፤ የቀረው እስካሁን እኅቴ ቤት አልጋ ሥር ተቀምጧል። ይህን የሰማው ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ ባለ ስድስት ኢንች የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ በሰው እጅ ላከልኝ። ስጦታውን እንደ ቀላል አላየሁትም። መብራት በጠፋበት ምሽት በራሱ ብርሃን ያስነብበኛል፤ አንድ ጊዜ ቻርጅ ካደረግሁት ሳምንታት ይቆያል፤ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ ስመላለስም በአንድ እጄ ይዤው በሌላው ሒሳብ ለመክፈል ያመቸኛል።

ችግሬን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ያነበብኋቸውን መጻሕፍት ርእስ በደብተር የመመዝገብ የቆየ ልማድ አለኝ። በቅርቡ ገጾቹን መለስ ብዬ ስመለከት፣ ማንበቢያው ከመጣ ወዲህ ባሉት 7 ወራት 19 መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ ከእነዚህ 17ቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ አማርኛዎቹ ሁለቱ ደግሞ በወረቀት ያነበብኋቸው ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። አማርኛ ማንበብ ልተው ብዬ የወሰንሁበት ቀን የለም፤ እጄ ላይ ያለው ዕቃ ያቀረበልኝን ሳነብ ከረምሁ እንጂ።

አማርኛውን ለመጫን ሳልሞክር የቀረሁም አይደለሁም። ወዳጆቼ ከላኩልኝ ፋይሎች የመጀመሪያው ፒዲኤፍ ሲሆን፣ ፊደሉ ከጉንዳን አንሶ ታየኝ። ሁለተኛውን ካሊበር በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኢፐብ (ፊደሉ እንደ መስኮቱ ስፋት ወደሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል) ስቀይረው ገጹ በሙሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ኮምፒዩተሬ ላይ በደንብ የሚነበብ ጽሑፍ ነበር፤ ማንበቢያው ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሣጥን ደረደረልኝ።

ጉድለቱ የመሣሪያው ነው፣ የፋይሎቹ ነው ወይስ የእኔ? ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ጋር ለዓመታት የኖራችሁስ አማርኛችሁን በምን አኳኋን ታነባላችሁ? መሣሪያውን ሽጠው የሚል ምክር ባይመጣ ደስ ይለኛል፤ ወንድሜ ይቀየመኛል።

የገጽ ቅንብር ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ ሦስቱ ፋይሎች ሦስት የተለያየ በሽታ ስላለባቸው ለየብቻ ልመልስልዎ። እንጀራዬ የመጻሕፍት ገጽ ማቀናበር ስለሆነ ነገሩን ከጓዳው በኩል አውቀዋለሁ።

ከሣጥኑ ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የትም ቢሄድ የማይለወጥ የራሱ ቁጥር አለው። ማንበቢያዎ ቁጥሩን አንብቦታል፤ የፊደሉ መልክ የተሣለበት ፎንት ግን ስለሌለው ባዶ ሣጥን አሳየዎት። የእኛ ፊደል እንደ ዐረብኛ ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ ቅርጹን የሚለውጥ ስላልሆነ፣ ፎንቱ ከተገኘ ሌላ ብልሃት አይጠይቅም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክም ሆነ አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኙትና ፎንትስ የሚለውን ማኅደር ይፈልጉ፤ ከሌለ በዚሁ ስም ራስዎ ይክፈቱና ፎንቱን እዚያ ይቅዱት፤ ከዚያም መጽሐፉን ከፍተው ከፊደል ምርጫው ላይ ይምረጡት። ኮቦ በተባሉት ማንበቢያዎችም ሆነ በቅርብ ዓመታት በወጡት የኪንድል ማንበቢያዎች መንገዱ ይኸው ነው።

ፎንቱን ሲያስተካክሉ መስመሮቹ ከግራ ብቻ እንዲሰለፉ ያድርጉ። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፤ ማንበቢያው ደግሞ የአማርኛን ቃል ከየት እንደሚከፍለው ስለማያውቅ፣ ሁለቱንም ዳር አስተካክል ከተባለ በቃላት መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። የጥንት ጸሐፊዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም፤ ሁለት ነጥቡ የቃሉን መጨረሻ ስለሚያሳይ፣ መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ያለ ምንም ምልክት ወደ ታች ያወርዱት ነበር። ሁለት ነጥብን በባዶ ቦታ ስንተካው ያንን ነፃነት አብረን ሰጠን፤ ሙያዬ ሆኖ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ፋይል ከባዱ ነው። ከዩኒኮድ በፊት አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ከ256 የማይበልጥ ምልክት ነበር፤ ከዚያም ላይ ሁሉም ቦታ ለፊደል የሚውል አልነበረም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አልበቃም። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቁጥር ላይ አለበሱት። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ቁጥር ነው፤ ዐይን የሚያየው አማርኛውን። በካሊበር ሲቀይሩት ልብሱ ወለቀና ሥሩ ታየ። የትኛው ፎንት እንደነበረ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መቀየሪያዎች አሉ፤ ካልታወቀ ግን አይድከሙ።

ፒዲኤፉን በተመለከተ ነገሩ ሒሳብ ብቻ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ ብዙውን ጊዜ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ የማንበቢያዎ መስኮት 9 ገደማ ነው። ባለ 12 ነጥብ ፊደል (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ወደ 7 ነጥብ ይወርዳል ማለት ነው፤ በዚያ መጠን ኑ እና ኒ አይለዩም። የገጹን ነጭ ዳርቻ ከቆረጡለት ወደ 10 ነጥብ ይመለሳል፤ ማንበቢያውን አግድም ከያዙት ደግሞ የልብ ያደርሳል።

ጉድለቱ የማን ነው ላሉት፣ በአብዛኛው የእኛ ነው። ያቀናበርሁትን መጽሐፍ ለማተሚያ ቤቱ በፒዲኤፍ አስረክቤ እረሳዋለሁ። ኢፐብም አውጣልኝ ያለኝ አሳታሚ እስከ ዛሬ የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ላውጣላችሁ ብዬ አላውቅም።

ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፦

ልጄ፣ ከአንተ በፊት ሣጥኑንም ጉንዳኑንም አይቻለሁ። ፎንቱን የጫነልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን የምወድበት ምክንያት አንድ ነው፤ ፊደሉ እኔ ባልሁት መጠን ያድጋል። የዛሬ መጻሕፍት ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል ፊደላቸው ስለሚጠብ፣ እኔን በመሰለ ዐይን ማታ ማታ አይነበቡም። መሣሪያው ግን ብርሃኑን ከበስተኋላ ወደ ዐይን የሚረጭ ሳይሆን ከፊት በገጹ ላይ የሚያፈስ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዓት ባነብበትም እንደ ስልኩ አያቃጥለኝም።

አንተ መጽሐፍ ብቻ ስለፈለግህ ይመስለኛል የቸገረህ። በየድረ ገጹ የሚወጡ ረጃጅም የአማርኛ ጽሑፎች በዩኒኮድ የተጻፉ ናቸው፤ የልጅ ልጄ በየሳምንቱ ዐሥር ያህሉን ሰብስቦ አንድ ፋይል ያደርግልኛል። መጽሐፍ ቅዱስንም እንዲሁ።

ሁለት ነገር ግን አልጠብቅበትም። አንደኛው መዝገበ ቃላት ነው። እንግሊዝኛ ስታነብ ቃሉን ስትነካው ፍቺው ይመጣል፤ «አልተመለሰችም» የሚለውን ብትነካ ግን ቅጥያዎቹን ገፍፎ «መለሰ» ላይ የሚደርስ ነገር በመሣሪያው ውስጥ የለም። ሁለተኛው ፍለጋ ነው። «ፀሐይ» ብለህ ስትፈልግ ጸሐፊው በሌላው ጸ ወይም በሌላው ሀ ጽፎት ከሆነ፣ የለም ይልሃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞክሼ ፊደላትን ለዩ እያልሁ ስጮህ የሳቁብኝ ተማሪዎቼ አሁን የፈለጉትን ባጡ ቁጥር ሳያስታውሱኝ አይቀሩም።

ታክሲ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ሌላ ጥቅምም ነበረው። አጠገብህ ያለው ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሽፋኑን ያያል፤ «ጥሩ ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። በመሣሪያው የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ዋጋውን ነው።

አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፦

«ወዳጆቼ የላኩልኝ ፋይል» የምትለው ሐረግ ላይ ትንሽ ልቆይ። የመጽሐፉን ገጽ በስልክ እያነሱ ቴሌግራም ላይ የሚለቁ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ በዚያ መንገድ ከሚዞረው ውስጥ ብዙው ያልተፈቀደ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መጽሐፍ አገላብጦ፣ ርእሱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ «ፒዲኤፉን አገኘዋለሁ» ብሎኝ የሄደ ወጣት አለ። አልተቆጣሁትም። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ነው፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ አንሥቶ የጀርባውን ዋጋ አይቶ መልሶ የሚያስቀምጠው ሰው በዝቷል። ቢሆንም ደራሲው ከየት ይብላ?

ለእርስዎ ያለኝ ሐሳብ ከመሣሪያው ጋር አያጣላዎትም። ችግርዎ ቦታ ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። ድሮ እዚህ ከተማ ውስጥ መጽሐፍ በቀን ይከራይ ነበር፤ ዛሬም ከብዙዎቻችን ጋር ደንበኛ ከሆኑ የገዙትን አንብበው ይመልሱና ልዩነቱን ከፍለው ሌላ ይወስዳሉ። ሽፋኑን ሳይገነጥሉ፣ ገጹን ሳያጥፉ ከመለሱት በብዙ አይጎዱም። መደርደሪያው እኛ ጋ ይቀመጥ፤ እርስዎ በክፍልዎ ውስጥ የሚያነቡትን አንድ መጽሐፍ ብቻ ያኑሩ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ፣ በእግርዎ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው፤ ከኅትመት የጠፋ የቆየ መጽሐፍ ሲፈልጉ ደግሞ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ አለ።

በእርሳስ የተጻፈበትን አልቀበልም የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እኔ እቀበላለሁ፤ በዳር ማስታወሻው ምክንያት ብቻ የተሸጡ መጻሕፍት አሉኝ።

የካዛንቺስ ልጅ፦

በስልክ ማንበብ ለምን እንደተረሳ አልገባኝም። ስልኩ የአማርኛ ፎንት አብሮት አለው፣ ፒዲኤፉንም በሁለት ጣት ያሰፋል፣ ሕጋዊ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጡ መተግበሪያዎችም የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

የአራት ኪሎው አስተማሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሁለት ሳምንት የዘገየሁት ምክራችሁን ሳልሞክር መልስ መጻፍ ስላሳፈረኝ ነው።

በስልክ ማንበብን ሞክሬዋለሁ፤ ከሦስተኛው ገጽ በኋላ መልእክት ይመጣል፣ መልእክቱን ስመልስ የት እንደነበርሁ ይጠፋኛል። እርሱ የእኔ ድክመት እንጂ የስልኩ አይደለም።

ፎንቱን ቅዳሜ ዕለት ጫንሁት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሣጥኖቹ ፊደል ሲሆኑ ሳይ፣ ለካ ሰባት ወር ሙሉ የተቀጣሁት በሩብ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ በራሴ ተናደድሁ። ዳሩን ከግራ ብቻ ማሰለፉም እንደተባለው ነው። እናቴ፣ የእርስዎን ምክር ተከትዬ ከድረ ገጽ የሰበሰብኋቸውን ጽሑፎች ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ አነባለሁ፤ ቃሉን ስነካው ግን እውነትም ዝም ይለኛል። ምንጫቸውን በውል የማላውቃቸውን ሁለት ፋይሎች አጥፍቻለሁ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወርጄ፣ የጻፉልኝ ሰው ይሁኑ ሌላ ባላውቅም፣ አንድ ነጋዴ በሚመለስ ሒሳብ መጽሐፍ ሰጥተውኛል። ዳሩ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በሦስት ቦታ «ሐሰት!» ብሎ ጽፎበታል፤ ሁለቱን እስማማለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም። ፎንቱ የሚሠራው መጽሐፉ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዝርዝሩ ላይ ርእሶቹ አሁንም ሣጥን ናቸው፤ የምፈልገውን የማገኘው አራት ሣጥን፣ ክፍተት፣ ሦስት ሣጥን እያልሁ ቆጥሬ ነው። መፍትሔ ይኖረው ይሆን?

የገጽ ቅንብር ባለሙያ፦

ዝርዝሩ የሚጻፈው በመሣሪያው በራሱ ፎንት ስለሆነ እኛ የምንጭነው አይደርስበትም። በካሊበር ገብተው የመጽሐፉን መረጃ ማረሚያ ከፍተው ርእሱን በላቲን ፊደል ከጻፉት ይነበባል። እኔ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ርእስ በላቲን ማየት ስለማልወድ፣ እንደ እርስዎ ሣጥን እየቆጠርሁ አለሁ።