58 ተማሪ፣ 6 ኮምፒውተር፣ 40 ደቂቃ፦ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም መምህራን፣ ጅማ ውስጥ 9ኛ ክፍል አይሲቲ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 58 ተማሪ አለኝ፤ ከቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች የሚነሱት 6 ብቻ ናቸው። ኢንተርኔት የለም። መብራቱም መጣ ስንል ይሄዳል።

ሃርድዌርና ሶፍትዌር ማስተማሩ አይደለም የቸገረኝ፤ እሱ በጥቁር ሰሌዳም ይሆናል። ልጆቹ ያነበቡትን ሁሉ አምነው መቀበላቸው ነው ያስጨነቀኝ። ባለፈው ሳምንት ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ የአድዋ ድል የተገኘበትን ዓመት ፈልጉ አልኳቸው። አንዱ ቡድን 1888፣ ሌላው 1896 ይዞ መጣ። «ጎግል ዋሸ!» ተባለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለቱም ልክ ነው፣ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር ደወል ተደወለ። ዳታዬም አብሮ አለቀ (ከኪሴ የገዛሁት!)።

ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ በፍላሽ ልጭነው አስቤያለሁ። ግን አንድ ምንጭ ብቻ ይዞ ማመሳከር እንዴት ይሆናል? ወይስ ቴሌግራም ላይ የሚዞሩትን የሐሰት የስኮላርሺፕ ማስታወቂያዎች በወረቀት አትሜ ላስመርምራቸው? ይህን የሞከረ ካለ ከየትኛው ጥያቄ እንደጀመረ ይንገረኝ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ የተዘጋጀ መልመጃ ብታካፍሉኝ ደግሞ ውለታችሁን አልረሳም።

ስልክ ይዘው ይምጡ እንዳትሉኝ፣ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። ለመሆኑ 58 ልጅ በ6 ኮምፒውተር እንዴት ታፈራርቃላችሁ?